የተዘጋው ቀዳዳ እና የአቶ ንጋቱ ልጆች

በአንድ ወቅት፣ ወሬው የእኔ ፍርዱ የእናንተ ይሁንና፣ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አቶ ንጋቱና ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ።

አቶ ንጋቱ እንጀራቸውን የበሉት በድምፃቸው ነው። ባቡር ጣቢያው ውስጥ የድምፅ ማጉያው ፊት ተቀምጠው የትኛው ባቡር እንደደረሰ፣ የትኛው እንደሚነሳ፣ ማን ዕቃውን ረስቶ እንደወረደ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በፈረንሳይኛ ሲናገሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባላቸውን በዓይን ከማየታቸው በፊት የሚያውቁት ድምፃቸውን ነበር። ልጃገረድ ሳሉ በጣቢያው አጥር ሥር ብርቱካን ይሸጡ ነበርና፣ ያ ድምፅ «መንገደኞች ሆይ» ባለ ቁጥር ለደንበኛው ስንት ብርቱካን እንደሰጡ ይጠፋባቸው እንደነበር ለልጆቻቸው ደጋግመው አውርተዋል።

አንድ ቀን ጠዋት አቶ ንጋቱ ፊታቸውን ሲታጠቡ ስትሮክ መታቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ድምፃቸው ግን ሄዶ ቀረ። ከመላ ሰውነታቸው የሚታዘዛቸው ዓይናቸውና ቅንድባቸው፣ ማንኪያ ለመቀበል ያህል ከንፈራቸው፣ የግራ እጃቸውም አውራ ጣት ብቻ ሆነ። ጆሯቸውና አእምሯቸው እንደ ድሮው ነው። ሰው የሚያወራውን ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል፣ መልስም አላቸው፤ መልሱ ግን መውጫ አጣ።

መውጫ ያበጀላቸው የድሮ ባልደረባቸው፣ የባቡሩ ወርክሾፕ ኤሌክትሪሽያን የነበሩት ሙሴ ጌታነህ ናቸው። ከአንድ የበር ደወል ላይ መጥሪያውን ነቅለው ገመድ ቀጠሉበትና፣ ገመዱን ከአሮጌው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ጀርባ፣ ድሮ ፕሪንተር ይሰካበት ከነበረው ሰፊ ቀዳዳ ጋር አገናኙት። ፕሮግራሙንም ራሳቸው ጻፉት። ስክሪኑ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ፊደል ቀስ ብሎ ያልፋል። አቶ ንጋቱ የሚፈልጉት ፊደል ላይ ሲደርስ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ቀጥሎ የዚያ ፊደል ቤቶች ይመጣሉ፤ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ ሲል ያንንም ይጫኑታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቃል ይሆናል። ቃሉን ደግሞ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል።

ስለዚህ በዚያ ቤት የባልየው ነገር በሚስትየዋ አፍ ይወጣ ነበር። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ አቶ ንጋቱ ቀልድ ይጀምራሉ፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቀልዱን ለእንግዳው ከማንበባቸው በፊት ራሳቸው በሳቅ ይፈርሱና እንግዳው ግራ ይጋባል። አንዳንዴም ስለ ራሳቸው የተጻፈ ነገር ይሆንና «ይሄንን አላነብም!» ብለው ስክሪኑን በነጠላቸው ይሸፍኑታል። ሙሴ ጌታነህ ይህን ሁሉ አይተው፣ ደስ ብሏቸው፣ ከጊዜ በኋላ አረፉ።

አንድ ረፋድ ላይ አቶ ንጋቱ አሸልበው ሳለ፣ ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ብቅ አለ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንግሊዝኛ አያውቁም። ነገር ግን ኮምፒውተሩ አንድ ነገር በጠየቀ ቁጥር ልጆቻቸው የትኛውን እንደሚጫኑ አይተዋልና፣ እሳቸውም ያንኑ ተጫኑ። ስክሪኑ ጠፋ። ተመልሶ በራ። እንደገና ጠፍቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ደህና ሆኖ ተነሳ። ምንም የጎደለ አይመስልም ነበር።

አቶ ንጋቱ ነቁ። ፊደሎቹ እንደ ወትሮው ማለፍ ጀመሩ። በአውራ ጣታቸው ተጫኑ። ፊደሎቹ አልቆሙም። ደግመው ተጫኑ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ሰልፉ ዝም ብሎ ያልፋል፤ የሚያስቆመው የለም። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ገመዱን ነቅለው ሰኩት፣ አቧራውን እፍ አሉበት፣ ባላቸውን አዩ። አቶ ንጋቱ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ላይ አነሱ።

የተጠራው የኮምፒውተር ሠራተኛ ብዙ መረመረና አንገቱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ ዕቃው አልተበላሸም። የዘጋው ኩባንያው ነው። አፕዴት ልኳል፤ ከእንግዲህ ይህ ቀዳዳ ለደህንነት ሲባል አይሠራም ብሏል።»

«ቤቴ ድረስ መጥቶ ነው የዘጋው?»

«በኢንተርኔት ነው የሚልከው።»

«ዕቃው የእኛ አይደለም እንዴ? ማንን ጠይቆ?»

ሠራተኛው መሬት መሬት አየ። «ጠይቋል እናቴ። እሺ ተብሏል።»

ወደ ድሮው ለመመለስ ሞከረ፤ ኮምፒውተሩ እንቢ አለ። ሌላ ዓይነት መጥሪያ በሌላ ቀዳዳ እንዳይሰካ ደግሞ የሙሴ ጌታነህ ፕሮግራም የሚሰማው ያንን ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የጻፉት ሰው የሉም። ሠራተኛው የድካሙን ሳይጠይቅ ወጥቶ ሄደ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብለው ያችን እሺ ያሉባትን እጃቸውን በሌላው እጃቸው ያዙ። «አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉ። አቶ ንጋቱ ሰሟቸው። የሚመልሱበት ግን አልነበራቸውም።

በማግስቱ አቶ ንጋቱ ምግብ አልፈልግም አሉ። ማለት፣ ማንኪያው ሲቀርብ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

ባልና ሚስቱ ሦስት ልጆች አሏቸው። የመጀመሪያው ደምሰው፣ የጅቡቲን መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ሁለተኛዋ የትምወርቅ፣ እዚያው ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሞባይል ትጠግናለች። የመጨረሻው ሚልክያስ፣ ጅግጅጋ ውስጥ አንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ገና መቀጠሩ ነበር። እናታቸው ስልክ ደውለው ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነገር ነገሯቸው። «አባታችሁ ዝም ብሏል።»

የትምወርቅ ቅርብ ነችና ቀድማ ደረሰች። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍታ በባትሪ ስታይ ቆየችና እናቷን ጠራቻቸው።

«እማዬ፣ ይቺን ቺፕ አየሻት? ምስር የምታህለዋን? ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሁሉም በፊት የሚጠይቀው እሷን ነው። ምን ምን አካል አለኝ ይላታል። አፕዴቱ የቀየረው እሷ ውስጥ ያለውን ነው። ቀዳዳው አለ፤ ይቺ ግን የለህም እያለችው ነው።»

«ታዲያ አለህ የምትለውን ማምጣት አይቻልም?»

«የድሮውን ኩባንያው ከድረ ገጹ አንስቶታል። ልክ እንደዚህ ዓይነት፣ አፕዴቱ ያልደረሰው ሌላ ኮምፒውተር ቢገኝ ግን የእሱን ቺፕ ነቅዬ እዚህ እበይደው ነበር። እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ አሁን የት ይገኛል?»

ይህንን በስልክ የሰማው ደምሰው ሚሌ ላይ ጭነት ለማንሳት ተራውን ይዞ ነበር። ተራውን ትቶ ወጣ። በየከተማው ወርዶ የተዘጉ መሥሪያ ቤቶችንና መጋዘኖችን ጠየቀ። ሎጊያ ላይ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ጓዳ ውስጥ፣ በጆንያ ተሸፍኖ ኢንተርኔት ሳይነካው የቆየ፣ የአባቱን ኮምፒውተር መንታ አገኘ። ባለቤቱ ፈገግ አሉና «ገንዘብ አልፈልግም» አሉት። «በዚህ ሐሩር ጅቡቲ የሚወርድልኝ ሾፌር አጥቼ ጭነቴ ቆሟል። አድርስልኝና ውሰደው።» ደምሰው አደረሰላቸው። የመኪናው ጌታ ግን፣ ለሌላ ሰው ጭነት መኪናውን በማዞሩ ተቆጥቶ ቁልፉን ተቀበለው፤ መኪናውም ለሌላ ሾፌር ተሰጠ። ደምሰው ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በአውቶቡስ፣ ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠው ድሬዳዋ ገባ።

ሚልክያስ ደግሞ የሆቴሉን ኃላፊ ፈቃድ ጠየቀ። «ገና ሳትለምድ ምን ዓይነት ፈቃድ ነው?» አለው ኃላፊው። ሚልክያስ የክፍሎቹን ቁልፎች ቆጥሮ አስረከበና የመጣው ሚኒባስ ላይ ወጣ። ቤት ሲደርስ ስለ ኮምፒውተሩ አንድም ነገር አልጠየቀም፤ እሱ የሚያውቀው ነገር አይደለም። የብስኩት ካርቶን ቀዶ ፊደል ጻፈበትና አባቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ጣቴን እያሳለፍኩ እሄዳለሁ። የምትፈልገው ላይ ስደርስ ዓይንህን ጨፍን። አቦ እንሞክራት።»

አቶ ንጋቱ አላዩትም። ሚልክያስ አልተነሳም። ሲመሽ አልጋቸው ሥር ፍራሽ አንጥፎ ተኛ፤ ሲነጋ ካርቶኑን ይዞ እንደገና ተቀመጠ። ስለ ጅግጅጋ እንግዶች አወራላቸው፣ ጢማቸውን ላጨላቸው፣ ጎናቸው እንዳይቆስል አገላበጣቸው፣ ደግሞ ካርቶኑን አነሳ። ስንት ጊዜ እንዳነሳው እሱም አያውቅም። በመጨረሻ፣ እናቱ የሾርባውን ሳህን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ሳለ፣ አቶ ንጋቱ አንዲት ፊደል ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ሌላ ላይ። ሚልክያስ ላብ እያጠመቀው ፊደሎቹን ሰበሰበና አነበበ።

«እናትህን አላጠፋሽም በላት።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሳህኑን ይዘው እንደቆሙ አለቀሱ። ከዚያ ቀርበው ማንኪያውን ዘረጉ። አቶ ንጋቱ አፋቸውን ከፈቱ።

እንግዲህ ደምሰው ኮምፒውተሩን ታቅፎ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ቤቱ በደስታ ተናወጠ። የትምወርቅ ብርድ ልብሱን ገልጣ፣ ሰካችው፤ አልበራም። ቀይራ ሰካችው፤ አልበራም። የሎጊያ ሙቀትና አቧራ ውስጡን በልቶታል። ደምሰው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ መንገድ ዓይኑ ላይ ይታይ ነበር።

«ቺፗ ግን ደህና ልትሆን ትችላለች» አለች የትምወርቅ።

«ባትሆንስ?» አለ ደምሰው።

«ባትሆን፣ ወይም እጄ ቢስት፣ የአባዬንም ኮምፒውተር አበላሸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።»

«ተይው እንግዲያው። አዲስ አበባ ወስደን ትልቅ መሣሪያ ያላቸው ይዩት።»

የትምወርቅ ሄዳ አባቷ ፊት ተንበረከከች። በድሬ ወግ ልጅ አባቱን አንተ ነው የሚለው፤ እሷም እንዲያው ነው ያለችው። «አባዬ፣ ልሞክር? ከተሳሳትኩ ያለችህ ተስፋም ትሄዳለች። እምቢ ካልከኝ አልነካትም።»

አቶ ንጋቱ ልጃቸውን አይተው፣ ረጅም ጊዜ አይተው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሺ ማለታቸው ነው።

የትምወርቅ ሁሉንም ከክፍሉ አስወጣች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ በመስኮት አዩዋት። ሞባይል ስትጠግን የሚያውቋት ልጃቸው አልመሰለቻቸውም። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል፤ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም። የሞተውን ኮምፒውተር ቺፕ አሙቃ ነቀለች። የአባቷን ነቀለች። ትንፋሿን ይዛ ያቺን ምስር የምታህል ነገር በቦታዋ አስቀመጠችና በየደችው። ስትጨርስ በሩን ከፍታ ወጣች፤ ማብሪያውን ራሷ መጫን አልቻለችም። የተጫነው ደምሰው ነው።

ስክሪኑ በራ። ፊደሎቹ መጡ። ሚልክያስ መጥሪያውን አባቱ አውራ ጣት ሥር አስገባው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ። ቆመ። ሸ፣ ሹ፣ ሺ፣ ሻ። ቆመ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ መነጽራቸውን እንባ እየጋረደባቸው፣ ቃሉ ተጽፎ እስኪያልቅ ጠብቀው አነበቡ።

«ሻዩ ስኳር የለውም።»

«ምን?» አለ ደምሰው።

ጣትየዋ ቀጠለች። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ቀጠሉ። «ይሄን ሁሉ ቀን ስኳር የሌለው ሻይ ነው ያጠጣችሁኝ።»

ሚልክያስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ሐኪሙ ቀንስ ስላለኝ እኮ ነው! አባዬ፣ ለምን በካርቶኑ አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ» ሲሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከስክሪኑ አነበቡ።

ሁሉም ሳቁ፤ ሲስቁ ደግሞ አለቀሱ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አንድ ነገር ገባቸው። በካርቶኑ ባላቸው የሚናገሩት ሰው ካርቶኑን ሲያነሳላቸው ብቻ ነበር፤ ወሬ ግን መጀመር አይችሉም ነበር። አሁን ራሳቸው መጀመር ቻሉ። ይህን አሰቡና ልጃቸውን ሚልክያስን አዩት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ካርቶኑ ባይኖር ባላቸው ለዚህ ቀን ባልደረሱ ነበር ብለው አሰቡ።

የትምወርቅ ኢንተርኔቱን ቆረጠችው፤ ኮምፒውተሩም ከዚያ ወዲያ ከማንም መልእክት አልተቀበለም።

ወሬው እዚህ ላይ ቢያልቅ እናንተን ባላስቸገርኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባላቸውን ብቻቸውን ሊያገላብጡ ሲሉ ወገባቸው ቀጭ አለ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከባድ ነገር ማንሳት የለም አሏቸው። ሁለቱ አዛውንቶች ብቻቸውን መኖር አይችሉም ማለት ነው። ከሦስቱ ልጆች ወደ አንዳቸው መሄድ አለባቸው። ሰው እንዲህ ሲሆን ልጆች ሸክሙን ወደ ሌላው ሲገፉ እናያለን። እነዚህ ግን የተጣሉት እኔ ልውሰዳቸው በማለት ነው።

ደምሰው ተናገረ። «ቤቴ ሰፊ ነው፤ ባለቤቴም አልጋቸውን አንጥፋ ጨርሳለች። አባዬን በአንድ ክንዴ አነሳዋለሁ። መኪና ስለሌለኝ ደግሞ አሁን ከቤት አልርቅም።» መኪናውን በማን ምክንያት እንዳጣ አላነሳም።

የትምወርቅ ተናገረች። «ያ ኮምፒውተር አርጅቷል፤ ነገ ሌላው አካሉ ይሞታል። በዚያን ቀን አጠገቡ ማን ይሁን? እኔ ከሱቄ ጀርባ ሁለት ክፍል አለኝ። ጠባብ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አባዬ ዝም ቢል በዚያው ሰዓት እከፍተዋለሁ።» ያን ቀን ምን ያህል እንደፈራች ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ሚልክያስ ተናገረ። «እኔ ቤትም ሥራም የለኝም፤ እከራያለሁ፣ እሠራለሁ። ግን መብራት ሲጠፋስ? ድሬ ላይ መብራት አይጠፋም? እኔ አባዬ ቅንድቡ ሲነሳ ምን እንደፈለገ አውቃለሁ።» ጅግጅጋ ላይ ቁልፎቹን ለአባቱ ሲል እንዳስረከበ ለእናቱ እንኳ አልነገራቸውም፤ እናቱ የሰሙት ከሌላ ሰው ነው።

ሰፈሩም ተከፋፈለ። አንዳንዱ «ኮምፒውተሩ ባይገኝ ኖሮ ምን ይበየድ ነበር?» አለ። ሌላው «የማይበራ ብረት አምጥቶ ምን ዋጋ አለው፣ እጅ ናት ያዳነችው» አለ። አንዲት ጎረቤት ደግሞ «ሚልክያስ አጠገባቸው ባይቀመጥ ሁለቱም የሚደርሱት ለቀብር ነበር» ብላ ሁሉንም ዝም አሰኘቻቸው።

ልጆቹ አባታቸውን ጠየቁ። «አባዬ፣ አንተ ከማን ጋር ትሄዳለህ?»

መጥሪያዋ ብዙ ጊዜ ጠቅ ጠቅ አለች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጎንበስ ብለው አነበቡ። «ዕድሜዬን ሙሉ እናታችሁ ያለችኝን ሳደርግ ኖሬ ዛሬ ለምን እለወጣለሁ? እሷን ጠይቋት።»

ሳቅ ሆነና ሳቁ ሲያልቅ ሦስቱም ወደ እናታቸው ዞሩ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግድግዳውን ተደግፈው ወጡና ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ደምሰው ያንን ሣጥን በጭኑ ታቅፎ ሲገባ የነበረውን የፊቱን አቧራ አሰቡ። የትምወርቅን በመስኮት ያዩበትን፣ ከንፈሯ የነጣበትን ሰዓት አሰቡ። ሚልክያስ ካርቶኑን አስቀምጦ እንደገና ሲያነሳ አሰቡ። አንዱን ባሰቡ ቁጥር እሱ ነው ይላሉ፤ ወዲያው ሌላው ይመጣባቸዋል። የማንኛቸውንም ፊት ሳይሰብሩ የሚናገሩት ቃል ፈለጉ፤ አላገኙም። ጥላው ከእግራቸው ላይ ሲሸሽ ተነሱና ወደ ቤት ገቡ። ሦስቱም ልጆች ከመቀመጫቸው ተነስተው ቆሙ። አቶ ንጋቱም ዓይናቸውን እሳቸው ላይ ተከሉ።

እኔ ወሬዬን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ነው። ኮምፒውተሩን ፍለጋ መተዳደሪያውን ያጣው፣ በገዛ እጇ ያለውን ሁሉ ለማጣት ደፍራ ቀዳዳውን የከፈተችው፣ ወይስ አባቱን በካርቶን ይዞ ለዚያ ቀን ያደረሰው? በወይዘሮ ጥሩወርቅ ቦታ ሆናችሁ ፍረዱ፦ አባትና እናት የሚገቡት ለማን ነው?